መፋቂያ፣ ስኳርና ውኃ፦ የጥርስና የድድ ጥበቃ ታሪክ ከቤት እስከ ጉድጓድ

(በሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)



እኛ የታሪክ ሰዎች ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ጽፈናል። ሰው በየማለዳው ከደጁ ቆሞ በገዛ እጁ ስለሚሠራው ሥራ የጻፍነው ግን ጥቂት ነው። ጥርስን መፋቅ ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አንዱ ነው። ዜና መዋዕል ጸሓፊ አላየውም፤ ግብር ሰብሳቢ አልቈጠረውም። ከእናት ወደ ልጅ ያለ ጽሑፍ ሲተላለፍ የኖረ ሥራ ነው።

ርእሱን የመረጥሁት ተዘንግቷል ብዬ ብቻ አይደለም። ከወንጂ ጀምሮ እስከ ዝዋይና ሐዋሳ ባለው የስምጥ ሸለቆ ምድር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ወጣት ጥቂት አይደለም። ጥርሱ ቡናማ ነው። የሚያየው ሰው «ይህ ልጅ ጥርሱን አይታጠብም» ብሎ ይፈርዳል፤ ልጁም ፍርዱን አምኖ በአመድና በአሸዋ ይፈትገዋል። ቡናማው ግን ከውስጥ የመጣ ነውና አይለቅም። ይህ ዓይነቱ ቀለም ከንጽሕና ጉድለት እንዳልመጣ ሳይንስ ካረጋገጠ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ፍርዱ ግን በየመንደሩ እስከ ዛሬ ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ የምጠይቀው፣ የጥርስና የድድ ጤና ምን ያህሉ በባለቤቱ እጅ እንዳለ፣ ምን ያህሉስ ከቤቱ ውጭ እንደሚወሰን ነው።

ከመፋቂያው እንጀምር። ቃሉ ሥራውን ይናገራል፤ «ፋቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ቆዳ ፋቂውና ጥርሱን የሚፍቀው ሰው አንድ ግሥ ይጋራሉ፤ ሁለቱም የተጣበቀ ነገር ያነሣሉ። ይህን የማነሣው ለቃል ጨዋታ አይደለም። ስለ ጥርስ ንጽሕና ዛሬ የምናውቀው ዋናው ነገር፣ የተጣበቀውን ማንሣት እንጂ አፍን ማሸተት አለመሆኑ፣ በስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

በደጋው ወይራና ክትክታ፣ ዝቅ ሲል ልምጭ ለመፋቂያነት ይቈረጣሉ። በአፋርና በሶማሌ ቆላ ደግሞ ዐረቦች አራክ የሚሉት፣ ሶማሌዎች ዓደይ የሚሉት ቍጥቋጦ አለ። ከቀይ ባሕር ወዲያም ሆነ ወዲህ ይኸው ተክል ነው የሚፈለገው። አሠራሩ አንድ ነው። የጣት ውፍረት የማይሞላ ቅርንጫፍ ይቈረጣል፤ ጫፉ ይላጥና ይታኘካል፤ ጭረቱ ተፈትቶ እንደ ብሩሽ ይበተናል። ሲያልቅ ጫፉን ቈርጦ እንደገና ማኘክ ነው። ስለዚህ ባለመፋቂያው አዲስ ብሩሽ ለመያዝ ወደ ሱቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መፋቂያ በእቅፍ ይዘው የሚዞሩ ልጆችን የማያስታውስ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም።

በእስልምና መፋቂያው ከጸሎት ጋር ተያይዟል። ነቢዩ ሙሐመድ ሲዋክን አጥብቀው እንደ ወደዱና እንዳዘዙ የሚናገሩ ሐዲሶች ብዙ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ከሐረር እስከ ጅማ ባለው ሙስሊም ኅብረተሰብ ዘንድ ጥርስን ማጽዳት ከሰዓት ጋር የታሰረ ልማድ ሆነ። በክርስቲያኑ ደጋ ሥርዐቱ ልል ነበር። ሰው መፋቂያውን በአፉ እንደ ነከሰ ከብት ይነዳል፣ ገበያ ይወርዳል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያወጋል። ይህ ለሠለጠነ ዓይን ነውር መስሎ የታየበት ዘመን ነበር። ሐኪሞች ዛሬ ሁለት ደቂቃ ብሩሹ ሲሉ፣ እኛ ደግሞ ሁለቱ ደቂቃ ረዝሞብን ስናቋርጥ፣ ያ ግማሽ ሰዓት የሚፍቅ ገበሬ በአንድ ነገር እንደሚበልጠን ማመን ተገቢ ነው።

ነገሩ ከግምት ያለፈ ነው። ቤንግት ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በ1978 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች መፋቂያንና ብሩሽን አነጻጽሮ፣ ልጆቹ አያያዙን ከተማሩና ክትትል ካላቸው መፋቂያው ከብሩሹ እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ፣ ልማዱ ባለበት አገር ሁሉ መፋቂያ እንዲበረታታ መክሯል። ይህን ስል መፋቂያውን ያለ ነውር አላደርገውም። ቀጥ ያለ እንጨት የፊቱን ጥርስ በሚገባ ይፍቃል፤ የመንጋጋ ጥርሶችን የውስጥ ገጽ ግን በቀላሉ አያገኝም። በኀይል ወደ ጎን የሚስበው ሰው ደግሞ ድዱን እየገፋ የጥርሱን ሥር ያጋልጣል። የኦልሰን ጥናት «አያያዙን ከተማሩ» የሚለው ሐረግ እንግዲህ ከባድ ሐረግ ነው።

ስለ ድድ ካነሣን ንቅሳቱን ማለፍ አይቻልም። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይና በወሎ ብዙ ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ጥላሸት ከተክል ጭማቂ ጋር ተለውሶ በመርፌ ይወጋል፤ ድዱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቍር ይሆናል። ጥርሰ በረዶና ፍንጭት በሚወደስበት አገር የጥቍር ድድ ዳር ለነጭ ጥርስ ክፈፍ ነበር። ነገር ግን ንቅሳቱ ለውበት ብቻ አልተደረገም፤ ድድን ያጠነክራል፣ መድማትን ያቆማል የሚል እምነትም ነበረበት። እንደ እኔ ግምት ይህ እምነት ከምን እንደ ተነሣ ማየት አይከብድም። የታመመ ድድ የሚታወቀው በመቅላቱ ነው፤ የተነቀሰ ድድ ደግሞ መቅላቱን አያሳይም። በሽታው ሳይሆን ምልክቱ ተሸፈነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ ትርጓሜ እንሂድ። ጥርስ ለምን ይበሰብሳል? ከጥንቱ መስጴጦምያ ጀምሮ እስከ አውሮፓ፣ እስከ እኛም መንደር ድረስ የተሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ትል በላው። በአውሮፓ የአንድ መርዛማ ተክል ዘር በፍም ላይ ተደርጎ ጢሱ ወደ አፍ ይገባ ነበር፤ ከጢሱ በኋላ ከሥር በተቀመጠው የውኃ ሳሕን ውስጥ ነጫጭ ትሎች ይታያሉ። ቈይቶ ሲመረመር ትል የተባለው በሙቀቱ ፈንድቶ የወጣ የዘሩ ጽንስ ሆኖ ተገኘ። በኛም አገር የአስተናግር ዘር ጢስ ለጥርስ ሕመም ሲታጠን ኖሯል። ጢሱ ያፈዝዛልና ሕመምተኛው ለጊዜው ዕፎይ ይላል፤ ዳሩ ግን አስተናግር አእምሮን የሚያስት፣ መጠኑ ሲያልፍ የሚገድል መርዝ ነው። ፒየር ፎሻር የተባለው ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ የትሉን ነገር አልተቀበለም። እርሱም ቢሆን አፍን በገዛ ሽንት መጕመጥመጥን የመከረ ሰው መሆኑን ማስታወስ ለትሕትና ይጠቅማል።

ትሉ ባይኖርም ሕያው ነገር ግን ነበረ። በ1683 ዴልፍት በተባለች የሆላንድ ከተማ፣ ሌዊንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ በእጁ በሠራው ማጉያ መነጽር ከጥርሱ መካከል ያነሣውን ነጭ ልቃቂ ተመለከተ። በውስጡ እየዋኙ የሚንቀሳቀሱ ረቂቃን ፍጥረታት አየና ለለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር ጻፈ። ሰውየው በየማለዳው ጥርሱን በጨው የሚያሽ ንጹሕ ሰው ነበር፤ ይህንንም በደብዳቤው ገልጿል። ይሁንና ያየው ነገር ከበሽታ ጋር እስኪገናኝ ሁለት መቶ ዓመት ፈጀ። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር በ1890 ባሳተመው ሥራ፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርንና ስታርችን ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን እንደሚያሟሟ አስረዳ።

የድዱ ነገር ከዚህም ዘገየ። ማስረጃው የመጣው በ1965 ከዴንማርክ፣ ከኦርሁስ ከተማ ነው። ሃራልድ ለው የተባለው ኖርዌጂያዊና ባልደረቦቹ ጤናማ ድድ ያላቸውን 12 ሰዎች መርጠው ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የ12ቱም ድድ ቀላ፣ አበጠ፣ በቀላሉ የሚደማ ሆነ። ማጽዳቱን ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ሁሉም ዳኑ። መድኀኒት አልተሰጠም፤ የምግባቸው ዓይነት አልተለወጠም። የተለወጠው የተለጠፈው ነገር መነሣቱ ብቻ ነበር።

ይህን ጥናት በስፋት የማነሣው በየቤቱ ከሚሠራው ነገር ጋር በቀጥታ ስለሚጋጭ ነው። ብዙ ሰው ድዱ ሲደማ ብሩሹን ይጥላል። «ቈሰለብኝ፣ ይረፍ» ይላል፤ ወይም ያን ወገን እያለፈ ሌላውን ይቦርሻል። ይህ ለእጅ ቍስል ትክክል የሆነ አስተሳሰብ ነው። በድድ ላይ ግን መድማቱ የተለጠፈው ልስልስ ሽፋን ከድዱ ጠርዝ ሥር እንደ ተኛ የሚያመለክት ነውና፣ ማረፉ በሽታውን ያበረታዋል። በለስላሳ ብሩሽ፣ ድዱ ከጥርሱ በሚገናኝበት መስመር ላይ አዘንብሎ በእርጋታ ማጽዳት ነው ያለው መንገድ። መድማቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም ሽፋኑ ደንድኖ እንደ ድንጋይ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የባለሙያ እጅ ያስፈልጋል፤ የደነደነውን መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውምና። ሽፋኑ ዓመታት ከተኛ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሸሻል፤ የሸሸ አጥንት ደግሞ አይመለስም። በአያቶቻችን ዘመን በእርጅና የረገፈ ተብሎ የታለፈው ጥርስ ምን ያህሉ በዚህ መንገድ እንደ ረገፈ ማሰብ ያሳዝናል።

እስካሁን ያየነው በቤት የሚሠራ፣ በእጅም የሚቃና ነው። አሁን ከቤት እንውጣ።

ስኳር ለኢትዮጵያ ገበታ እንግዳ ነበር። ማር ነበረን፤ ነገር ግን ማር ለጠጅ፣ ለብርዝና ለመድኀኒት የሚውል ውድ ነገር ነው፤ ልጅ በየሰዓቱ አይልሰውም። ቡናም በብዙ ቦታ በጨው ይጠጣ ነበር። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት የሸንኮራ እርሻዎች ነበሩት፤ ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ሌላ አገር መፈለግ ያዘ። ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ሜዳ ላይ የወንጂን ፋብሪካ አቋቋመ፤ ፋብሪካው በ1954 ሥራ ጀመረ። የሸዋው ፋብሪካ በ1962 ተከተለ። ከወንጂ ስኳር ጋር ደስታ ከረሜላም መጣ፤ ስሙን ስሰማ ዛሬም ፈገግ የሚል አድማጭ እንዳለ አያለሁ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው በ1954፣ በስዊድን አንድ ጥናት ታተመ። ቪፔሆልም በተባለው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ተቋም ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ለነዋሪዎቹ በምግብ ሰዓትና ከምግብ ሰዓት ውጭ ስኳርን በተለያየ መልክ ሰጡ። እምቢ ለማለት አቅም የሌላቸውን ሰዎች ጥርስ ሆን ብሎ ማበስበስ ነውር መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። ውጤቱ ግን ዛሬም የምንመካበት ዕውቀት ሆኗል፤ ጥርስን በብርቱ የጎዳው የስኳሩ ብዛት ሳይሆን በምግብ መካከል በተደጋጋሚ መበላቱና በጥርስ ላይ መጣበቁ ነበር። በምሳ ሰዓት የተበላ ጣፋጭና ቀኑን ሙሉ በጕንጭ የሚዞር ከረሜላ አንድ አይደሉም። በቀን ስምንት ጊዜ በስኳር ሻይ የሚጠጣ ሰው ጥርሱን ስምንት ጊዜ ለአሲድ ያጋልጣል። መፋቂያው የተፈጠረው ለዚህ ዓይነቱ አመጋገብ አልነበረም።

ወንጂ ግን ሌላም ነገር ነበረባት። ለሠራተኞቹ መንደሮች የተቈፈሩት ጉድጓዶች የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ናቸው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር የቈየ ውኃ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ሲመክር፣ በወንጂ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የያዙ ጉድጓዶች ነበሩ።

የዚህን ነገር ታሪክ ለመረዳት ወደ አሜሪካ አንድ ጊዜ ልሻገር። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲደርስ የአገሩ ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ለብዙ ዓመታት ምክንያቱን ፈለገ። ሌላ ቦታ ደግሞ በአርካንሶ ግዛት ቦክሳይት የምትባል፣ የአልሙኒየም ኩባንያ የቈረቈራት የሠራተኛ መንደር ነበረች። በ1909 የውኃ ምንጯ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ከተለወጠ በኋላ በዚያ ያደጉ ልጆች ጥርስ እንዲሁ ቡናማ ሆነ። ጥፋቱ በአልሙኒየም እንዳይሳበብ የሠጋው የኩባንያው ዋና ኬሚስት ቸርችል ውኃውን መረመረና በ1931 ከፍተኛ ፍሎራይድ አገኘበት። ማኬይ ደግሞ ሌላ ነገር አስተውሎ ነበር፤ እነዚያ ቡናማ ጥርሶች በቀላሉ አይበሰብሱም። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ተለካ፤ በ1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለችው ከተማ በጥቂት መጠን ፍሎራይድ ወደ ውኃዋ ጨመረች፤ በአሥር ዓመት ገደማም የልጆቿ የጥርስ መበስበስ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የዚህ ታሪክ ልጅ ነው።

እንግዲህ አንዱ ዓለም ጠብታ ፍሎራይድ ሲጨምር ወንጂ በጎርፍ ትጠጣው ነበር። ችግሩ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም፤ በ1960ዎቹ በወንጂ ፍሎራይዱን የሚቀንስ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር፤ ቈይቶም ለአንዳንድ ሰፈሮች የተጣራ የአዋሽ ውኃ ቀርቧል። ነገር ግን ለሁሉም፣ በጊዜውም አልደረሰም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጥርሱን ብቻ ሳይሆን የአጥንቱንም ፍሎሮሲስ ገልጸዋል። ያን ውኃ ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሰዎች አከርካሪያቸው ደርቆ ጎብጠዋል፤ ከእነርሱም መካከል በሸንኮራው እርሻ ሲሠሩ የኖሩ ነበሩ። ጥርሱ ቀድሞ የወጣ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ያነበበው ጥቂት ነው።

የጥርስ ሽፋን የሚሠራው ጥርሱ ገና በመንጋጋ ውስጥ ሳለ፣ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ግድም ነው። ፍሎራይድ የሚያበላሸውም በዚህ ጊዜ ነው። ጥርሱ ከድዱ ሲወጣ ቀለሙ አስቀድሞ ተወስኗል። ልጁ ብሩሽ ከመያዙ በፊት የተጻፈበትን ነገር በአሸዋ ለመፋቅ መሞከር ያን የተጐዳ ሽፋን ይበልጥ ማሳሳት ነው። ውኃውን ማፍላትም አይረዳም፤ ፍሎራይዱ በእንፋሎት አይሄድም፤ ውኃው ሲያንስ እርሱ ይጠነክራል። የሚረዳው ሌላ ውኃ ማግኘት ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ቢሆን፣ ወይም በአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ መንደሮች እንደሚሠራበት በአጥንት ከሰል የተጣራ ውኃ። ያለው ንጹሕ ውኃ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ለሕፃናቱ መጠጥና ምግብ፣ ከዚያ ለሌላው።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ይተው? አዋቂው መተው የለበትም። የሳሙናው ሥራ በጥርሱ ገጽ ላይ ነው፤ ይተፋል እንጂ አይዋጥም። ጭንቀቱ ለሚውጡት ሕፃናት ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል ብቻ ይደረግለት፤ ሲቦርሽም አዋቂ አጠገቡ ይቁም። በማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ የሚታየው ሳሙና ለሻጩ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ለልጅ የሚገባ መጠን አይደለም።

በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ኦክሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1920ዎቹ እናቶቿ የልጆቻቸው ጥርስ መቡነን የጀመረው ከሩቅ ምንጭ የቧንቧ ውኃ ከተሳበ ወዲህ መሆኑን አስተዋሉ። ማኬይ ሄዶ አየና ቧንቧውን ትተው ከሌላ ምንጭ እንዲጠጡ መከራቸው፤ ምክሩን ተቀበሉ። ከዓመታት በኋላ ከአዲሱ ምንጭ እየጠጡ ያደጉት ታናናሾች ቋሚ ጥርሳቸው ያለ እንከን ወጣ። በዚያው ቤት፣ በዚያችው እናት እጅ ያደጉት ታላላቆቻቸው ጥርስ ግን እንደ ቡናማ ቀረ።